የፕላቲነምን ዕድሜ የሚያራዝመው ካርቦን

የነዳጅ ሴል ሃይድሮጂንን ከአየር ኦክስጅን ጋር አዋህዶ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ተረፈ ምርቱም ውሃ ነው። የቴክኖሎጂው መነሻ ዊሊያም ግሮቭ እ.ኤ.አ. በ1839 በብሪታንያ ያደረገው ሙከራ ሲሆን፣ ቶዮታ «ሚራይ» የተሰኘችውን የሃይድሮጂን መኪና በ2014 መጨረሻ ለገበያ አቅርቧል። ይሁን እንጂ በስፋት እንዳይዳረስ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ የፕላቲነም ውድነት ነው።

የመኪና ነዳጅ ሴል በ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሠራል። በዚህ ሙቀት ኦክስጅን የሚዋሃደው በዝግታ በመሆኑ፣ ራሱ ሳያልቅ ሂደቱን የሚያፋጥን ካታሊስት ያስፈልጋል። ለዚህ ተግባር የተመረጠው ፕላቲነም ሲሆን፣ ከዓለም ምርት አብዛኛው የሚወጣው ከደቡብ አፍሪካ ነው። ብክነትን ለመቀነስ ማዕድኑ ከ2 እስከ 5 ናኖሜትር በሚለኩ ቅንጣቶች ተከፋፍሎ በካርቦን ዱቄት ላይ ይበተናል። ካርቦኑ ቅንጣቶቹን ይሸከማል፤ ኤሌክትሮኖችንም ያስተላልፋል።

ችግሩ ተሸካሚው ራሱ ማርጀቱ ነው። መኪናው በሚነሣበትና በሚቆምበት ጊዜ የኤሌክትሪክ ግፊቱ ለአፍታ ከፍ ስለሚል፣ ካርቦኑ ከውሃ ጋር ተዋህዶ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል። ያን ጊዜ ቅንጣቶቹ ይላቀቃሉ፣ ወይም እርስ በርስ ተጣብቀው ይተልቃሉ። በዚህም ለሥራ የተጋለጠው የፕላቲነም ገጽ ይቀንሳል፤ የሴሉም ኃይል ይዳከማል።

ለዚህ መፍትሔ ፍለጋ ተመራማሪዎች በካርቦኑ ላይ ሦስት ዓይነት ማሻሻያ ያደርጋሉ። የመጀመሪያው ካርቦኑን ከ2,000 ዲግሪ በላይ በማሞቅ ወደ ግራፋይት ማቅረብ ነው። ይህ ጥንካሬውን ቢጨምርም ቅንጣቶቹ የሚያርፉበትን ገጽ ያጠባል። ሁለተኛው የናይትሮጅን አተሞችን በካርቦኑ ውስጥ ማስገባት ሲሆን፣ ናይትሮጅኑ ፕላቲነሙን አጥብቆ ይይዛል። ሦስተኛው ጥቂት ናኖሜትር ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች ያሉትን ካርቦን መጠቀም ነው። ፕሮቶን የሚያስተላልፈው ፖሊመር ፕላቲነሙን በቀጥታ ሲነካው ሥራውን ያውካል፤ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የተሸሸገ ቅንጣት ግን ከዚህ ይድናል። ሆኖም ቀዳዳዎቹ ከልክ በላይ ከጠበቡ ኦክስጅን እንደ ልብ አይደርስም።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚያሳስበው በከባድ ተሽከርካሪዎች ዘንድ ነው። የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር ለረጅም ርቀት የጭነት መኪናዎች የነዳጅ ሴል በ2030 እንዲደረስበት ያስቀመጠው ግብ የ25,000 ሰዓት አገልግሎት ነው። ለዚህ ግብ መሳካት ከውዱ ማዕድን ባልተናነሰ የሚሸከመው ርካሹ ካርቦን ወሳኝ ነው።