የሚብለጨለጨው መብራትና ምክንያቱ፤ የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያን ፈትቶ መመርመር ለኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ያለው ጥቅም

መግቢያ

የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት በአብዛኛው የሚጀመረው በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሚሣል ንድፍ ነው። ተማሪው የሬዚስተርን፣ የካፓሲተርንና የትራንዚስተርን ምልክት ያጠናል፤ ቀመሩንም በቃሉ ይይዛል። ይሁን እንጂ አንድ እውነተኛ መሣሪያ ተበላሽቶ በፊቱ ሲቀርብ ከየት መጀመር እንዳለበት ግራ ይጋባል። ይህም የሚሆነው ቀመሩን ስላላወቀ ሳይሆን፣ ከሚታየው ምልክት ተነሥቶ ወደማይታየው ምክንያት የሚያደርሰውን መንገድ ስላልተለማመደ ነው።

ይህንን ልምድ ከሚያስገኙት ሥራዎች አንዱ፣ በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ የኤሌክትሮኒክስ ወዳጆች በትርፍ ጊዜያቸው የሚያከናውኑት፣ የቆዩ የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያዎችን ፈትቶ የመጠገንና የማሻሻል ሥራ ነው። ሥራው ከውጭ ሲታይ የልጆች መዝናኛ ይመስላል። በጥሞና ሲመረመር ግን፣ መላ ምትን ማቅረብን፣ መፈተንንና ውጤትን መመዝገብን የሚጠይቅ መሆኑ ይታያል። ይህ ጽሑፍ አንድ መሣሪያንና አንድ ብልሽትን ብቻ በምሳሌነት በመውሰድ የሥራውን ትምህርታዊ ይዘት ለማብራራት ይሞክራል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መሣሪያውና አመጣጡ

ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በሐምሌ 1983 ዓ.ም. «ፋሚኮም» በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ በአገሩ ለሽያጭ አቀረበ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የቪዲዮ ጨዋታ ገበያ ክፉኛ ወደቀ። ለዚህም ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ፣ ማንኛውም አምራች ያለ ቁጥጥር ጥራት የጎደላቸውን ጨዋታዎች እየሠራ ገበያውን ማጥለቅለቁ ነበር። ስለሆነም ኩባንያው በ1985 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ ሽያጭ ሲጀምር፣ መሣሪያውን «ኒንቴንዶ ኢንተርቴይንመንት ሲስተም» በሚል አዲስ ስምና በተለወጠ ቅርጽ አቀረበው።

ከለውጦቹ ሁለቱ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ መሠረታውያን ናቸው። አንደኛው፣ ጨዋታውን የያዘው ካርትሪጅ፣ በተለምዶ ካሴት የሚባለው፣ ከላይ መሰካቱ ቀርቶ እንደ ቪዲዮ ማጫወቻ ከፊት ገብቶ ወደ ታች እንዲጫን መደረጉ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ኩባንያው ያልፈቀደው ካሴት እንዳይሠራ የሚከለክል አነስተኛ ቺፕ መጨመሩ ነው። ከዚህ በቀር የመሣሪያው ልብ አልተለወጠም። በሴኮንድ 1.79 ሚሊዮን ጊዜ በሚመታ ሰዓት የሚመራ ባለ 8 ቢት ማይክሮፕሮሰሰርና 2 ኪሎባይት የሥራ ማኅደረ ትውስታ ነበረው። ዋና ዋና ክፍሎቹ ትልልቅ ስለሆኑ እግሮቻቸው በዓይን ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ ይህም ከዛሬዎቹ ረቂቅ መሣሪያዎች ይልቅ ለጀማሪ ተማሪ አመቺ ያደርገዋል።

2. መቆለፊያውና መክፈቻው

ከላይ የተጠቀሰው ቺፕ ብቻውን አይሠራም። አንዱ በመሣሪያው ውስጥ፣ ሌላው በእያንዳንዱ ካሴት ውስጥ ይገኛል። ሁለቱም ባለ 16 እግር ሲሆኑ የያዙት ፕሮግራም አንድ ዓይነት ነው። ልዩነታቸውን የሚወስነው አራተኛው እግር ብቻ ነው። ይህ እግር ከኃይል ምንጩ ጋር ሲገናኝ ቺፑ መቆለፊያ ይሆናል፤ ከመሬት መስመር ጋር ሲገናኝ ደግሞ መክፈቻ ይሆናል።

አሠራራቸውን ለመረዳት ሁለት የቆሎ ተማሪዎችን ማሰብ ይጠቅማል። ሁለቱም አንዱን ዳዊት በቃላቸው ይዘው እኩል ይደግማሉ እንበል። አንደኛው ሲሳሳት ወይም ዝም ሲል ሁለተኛው ያስቆመዋል፤ ከመጀመሪያውም ያስጀምረዋል። በተመሳሳይ ሁኔታ ሁለቱ ቺፖች በአንድ የጋራ ሰዓት እየተመሩ አንድ ዓይነት የቁጥር ተከታታይ ያሰላሉ፤ ውጤቱንም ይለዋወጣሉ። መቆለፊያው የሰማው መልስ ራሱ ካሰላው ጋር ካልተስማማ፣ ማይክሮፕሮሰሰሩን በየአንድ ሴኮንዱ ገደማ ወደ መነሻው ይመልሰዋል። በዚህ ጊዜ የመሣሪያው ቀይ መብራት ይብለጨለጫል፤ የቴሌቪዥኑም ምስል ብልጭ ድርግም ይላል።

ከዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ነጥብ መጨበጥ ያስፈልጋል። ብልጭታው የሚናገረው «ካሴቱ ተበላሽቷል» ብሎ አይደለም፤ «ትክክለኛ መልስ አልሰማሁም» ብሎ ነው። ካሴት ሳይገባበት የተከፈተ ጤነኛ መሣሪያም በዚሁ ዓይነት ይብለጨለጫል።

3. የተለመደው መድኃኒትና ስሕተቱ

መሣሪያው በተስፋፋባቸው አገሮች ልጆች ለዚህ ብልጭታ የታወቀ መድኃኒት ነበራቸው። ካሴቱን ያወጡና አፉ ላይ እፍ ብለው መልሰው ያስገቡታል። ጨዋታው ብዙ ጊዜ ይነሣ ስለነበር የትንፋሹ ፈዋሽነት ሳይጠየቅ ከልጅ ወደ ልጅ ተላለፈ።

ምክንያቱ ግን ሌላ ነበር። የጃፓኑ ካሴት 60 የመገናኛ ነጥቦች ነበሩት። በአሜሪካው ካሴት ከነዚህ ውስጥ 2 የድምፅ ነጥቦች ተቀነሱ፤ ለመቆለፊያው 4፣ በመሣሪያው ሥር ለሚገኘው ማስፋፊያ 10 ተጨመሩና ድምሩ 72 ሆነ። ካሴቱ ገብቶ ወደ ታች በተጫነ ቁጥር የመሣሪያው የመገናኛ ምላሶች ይታጠፋሉ፤ ከጊዜ ብዛትም የመንጠር ኃይላቸው ይደክማል፤ አቧራና ዝገትም ይጨመርበታል። ለመቆለፊያው ከተመደቡት 4 ነጥቦች አንዱ እንኳ ሳይገናኝ ቢቀር፣ የቀሩት 68ቱ ንጹሐን ቢሆኑም ጨዋታው አይነሣም። ኩባንያው የፈቀደው ትክክለኛ ካሴት እንደ ሐሰተኛ የሚቆጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለሆነም መሣሪያውን ያስነሣው ትንፋሹ ሳይሆን ካሴቱ ወጥቶ መግባቱ ነው፤ ነጥቦቹ እየተፋተጉ አዲስ ግንኙነት ይፈጥራሉና። እንዲያውም የትንፋሽ እርጥበት በጊዜ ብዛት የመገናኛውን ብረት ይጎዳል። ለተማሪው የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው። ሁለት ነገሮች አብረው በተደረጉ ጊዜ ለውጤቱ ምክንያት የሆነው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ፣ አንዱን ትቶ ሌላውን ብቻ መሞከር ያስፈልጋል። ካሴቱን ሳይተነፍሱበት አውጥቶ መመለስ ምንም ወጪ የማይጠይቅ፣ ግን የተሟላ ሙከራ ነው።

4. ምርመራው በቅደም ተከተል

የሚብለጨለጭ መሣሪያ የቀረበለት ተማሪ ካቻቢቴ ከማንሣቱ በፊት ምርመራውን በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢያካሂድ መልካም ነው።

ሀ) በሌላ መሣሪያ ላይ የሚሠራ ካሴት አስገብቶ መሞከር። ብልጭታው ከቆመ ችግሩ በመጀመሪያው ካሴት ላይ ነው፤ ካልቆመ ወደ መሣሪያው ይሻገራል።

ለ) የካሴቱን ነጥቦች በአልኮል በራሰ ጥጥ ማጽዳትና ሲደርቅ እንደገና መሞከር።

ሐ) ኃይሉን አቋርጦ፣ ከካሴቱ ነጥብ እስከ መሣሪያው የሰርኩት ሰሌዳ ድረስ ግንኙነት መኖሩን በመልቲሜትር መለካት። በተለይ አራቱን የመቆለፊያ ነጥቦች ለይቶ መመርመር ይገባል።

በእያንዳንዱ ደረጃ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። የታየው ውጤትም ሌላው ደረጃ ከመጀመሩ በፊት በደብተር ይሰፍራል።

5. አራተኛውን እግር ማንሣት

የኤሌክትሮኒክስ ወዳጆች በዚህ መሣሪያ ላይ ከሚያደርጓቸው ማሻሻያዎች በጣም የታወቀው ቀላልም ነው። በመሣሪያው ውስጥ ያለው ቺፕ አራተኛ እግር ከሰሌዳው አጠገብ ተቆርጦ ቀና ይደረጋል፤ በአጭር ሽቦም ከመሬት መስመር ጋር ይበየዳል። በዚህ ጊዜ የመሣሪያው ቺፕ ራሱን መክፈቻ አድርጎ ይቆጥራል። ሁለት መክፈቻዎች እንጂ መቆለፊያ ስለማይኖር፣ ማይክሮፕሮሰሰሩን ወደ መነሻው የሚመልስ አይገኝም።

አንዳንዶች እግሩን አንሥተው ከምንም ሳያገናኙ ይተዉታል። መሣሪያው በዚህም ሊሠራ ይችላል። ሆኖም ከምንም ያልተገናኘ መግቢያ ከፍተኛ ወይም ዝቅተኛ መሆኑ የተረጋገጠ አይደለም። ከመሬት ጋር ማገናኘቱ የሚመረጠው የቺፑን ሁኔታ በዕድል ሳይሆን በውሳኔ ስለሚያጸና ነው።

እዚህ ላይ መምህሩ ሊያነሣው የሚገባ ዋና ጥያቄ አለ። መሣሪያው ተጠገነ ወይስ ማስጠንቀቂያው ጸጥ አለ? የደከመው የመገናኛ ምላስ እንደደከመ ነው። ችግሩ በአራቱ የመቆለፊያ ነጥቦች ብቻ ከነበረ ጨዋታው ይነሣል። በቀሩት ነጥቦችም ከነበረ ግን ብልጭታው ቀርቶ በምትኩ ግራጫ መስክ ወይም የተዘበራረቀ ምስል ይታያል። በደረጃ ሐ የተደረገው ልኬት ከሌለ ተማሪው ሁለቱን መለየት አይችልም።

ማሻሻያው የማይለውጠው ሌላም ነገር አለ። መቆለፊያው እንደየአካባቢው የተለያየ በመሆኑ ለአሜሪካ የተሠራ ካሴት በአውሮፓ መሣሪያ ላይ አይነሣም ነበር፤ እግሩ ከተነሣ በኋላ ግን ይነሣል። ይሁንና የአሜሪካው ሥርዓት በሴኮንድ 60 ገደማ፣ የአውሮፓው 50 ምስሎች ስለሚያሳዩ፣ ጨዋታው በመቶ 17 ያህል ይዘገያል። መቆለፊያ ሲከፈት ጊዜ አብሮ አይለወጥም።

6. ጥንቃቄና ሕግ

መሣሪያው ራሱ የሚሠራው በአነስተኛ ኃይል ነው። የኃይል መለወጫው 9 ቮልት ይሰጠዋል፤ በውስጡ ያለው ክፍልም ይህንን ወደ 5 ቮልት ያወርደዋል። አደጋው ያለው ከመለወጫው በስተኋላ ነው። ለአሜሪካ የተሠራው መለወጫ ለ120 ቮልት የታሰበ ስለሆነ፣ እንደ ኢትዮጵያ 220 ቮልት በሚሠራበት አገር በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። ከመሣሪያው ጋር የሚያገለግለው የድሮ ቴሌቪዥንም ከተዘጋ በኋላ ጭምር በውስጡ ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚይዝ በተማሪ መከፈት የለበትም።

ሕግን በተመለከተ፣ የመቆለፊያው ቺፕ በአሜሪካ ለፍርድ ቤት ክርክር ምክንያት ሆኗል። አታሪ ጌምስ የተባለው ኩባንያ የራሱን መክፈቻ ቺፕ ሠርቶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ጉዳዩን የተመለከተው የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ አንድን ፕሮግራም ለመረዳት ሲባል ፈትቶ ማጥናት የተፈቀደ አጠቃቀም ሊሆን እንደሚችል ገለጸ። ሆኖም ኩባንያው የፕሮግራሙን ቅጂ ከቅጂ መብት መሥሪያ ቤት ያገኘው ትክክል ያልሆነ ምክንያት አቅርቦ በመሆኑ መከላከያውን አልተቀበለለትም። ዕውቀት መገኘቱ ብቻ ሳይሆን የተገኘበትም መንገድ እንደሚመዘን ይህ ፍርድ ያስረዳል። የአገሮች ሕግ የተለያየ ስለሆነ በትምህርት ቤት የሚደረገው ሥራ በራስ ንብረትና በሕጋዊ ካሴቶች ላይ መወሰን ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

ኒንቴንዶ ራሱ በ1993 ዓ.ም. ባወጣው አዲስ ቅርጽ ካሴቱን እንደገና ከላይ እንዲሰካ አደረገ፤ የመቆለፊያውንም ቺፕ ከመሣሪያው አስወጣው። የኤሌክትሮኒክስ ወዳጆች በአንድ እግር የሚያደርጉትን አምራቹ በንድፉ ፈጸመው ማለት ነው።

ይህ ሥራ ለትምህርት የሚጠቅመው ጨዋታን ስለሚያስነሣ አይደለም። በትንፋሽ መሣሪያውን ያስነሣ ልጅና ከአራቱ ነጥቦች የቱ እንዳልተገናኘ ለክቶ ያወቀ ተማሪ ለጊዜው የሚያዩት ምስል አንድ ነው። መሣሪያው በማግሥቱ ሲብለጨለጭ ግን የመጀመሪያው እንደገና ይተነፍሳል፤ ሁለተኛው ግን ምን መሥራት እንዳለበት ያውቃል። ይህ ዓይነት መሣሪያ በማይገኝበት ትምህርት ቤትም በባትሪ የሚሠራ አሮጌ ራዲዮ ለዚሁ ምርመራ ያገለግላል። ዋናው ቁም ነገር ተማሪው አንድን ክፍል ከመለወጡ በፊት ብልሽቱ ከዚያ መሆኑን በምን እንዳወቀ እንዲጠየቅና እንዲመልስ ማድረጉ ነው።