ኮርሱ አለቀ፣ ትምህርቱስ?

የኦንላይን ኮርስ በፍሪላንስ ልታዘጋጁ አስባችኋል እንበል። ደንበኛው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ምናልባት «ስንት ደቂቃ ቪዲዮ ነው?» ብሎ ነው፤ ክፍያውም በደቂቃ ይሆናል። እኔም የመጀመሪያ ሥራዬን እንዲሁ ተዋውዬ አንድም ጥያቄ የሌለበት የ40 ደቂቃ ቪዲዮ አስረከብኩ። ደንበኛው ወደደው። ሠልጣኞቹ ግን ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ባዶ!

ምን ሆነ መሰላችሁ? በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገር እና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ሰጡ። ከፊሎቹ ደግመው አነበቡት፤ ሌሎቹ ጽሑፉን ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፣ 81 ለ75 በመቶ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ 42 ለ56። ደግሞ ማየት «ገባኝ» ያሰኛል፤ ትውስታውን የሚያጠነክረው ግን ከራስ አእምሮ ፈልጎ ማውጣቱ ነው።

ስለዚህ አሁን በየአምስት ደቂቃው ጥያቄ አስገባለሁ፤ ከሳምንት በኋላም መልሼ እጠይቃለሁ። ለዳታም ይበጃል። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የሚፈስ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ 75 ሜጋባይት ይበላል፤ የጽሑፍ ጥያቄ ጥቂት ኪሎባይት ቢፈጅ ነው።

ውሉን ግን በደቂቃ ሳይሆን በምዕራፍ አድርጉት፤ አለበለዚያ ቪዲዮውን ባሳጠራችሁ ቁጥር ክፍያችሁም አብሮ ያጥራል።