ልጃችን ከሰው ጥናት የትኛውን ቅርንጫፍ ትምረጥ?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፤ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ወርዶ፤ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ የቆላው ሙቀት ሲቀበለው ሸዋ ሮቢት እንደ ደረሰ ያውቃል። በዚህች ከተማ ሽንኩርትና ማሾ እየነገደ ልጆቹን ያስተማረ አንድ የቆየ ወዳጅ አለን፤ ወገኑም ከአርጎባ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ሴት ልጁ የሰው ጥናት፤ ማለት አንትሮፖሎጂ የሚባለውን ትምህርት ይዛ ወደ መጨረሻው ዓመት ተቃርባለች። የመመረቂያ ጽሑፏን በየትኛው ቅርንጫፍ ላይ እንደምታደርገው መቍረጥ ግድ ስለ ሆነባት በቤቱ ክርክር ተነሣ፤ እኛም በሙያችን የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለ ሆንን እንደ ዳኛ ተጠራን።

አባትዮው አስቀድሞ፤ «ወላሂ፤ አፈርና አጥንት ቈጥሮ እንጀራ የበላ ሰው አላየሁም» አለን። ልጂቱም፤ «ጋሼ፤ እኔ የምመኘው እንደ ሉሲ ያለ ነገር ከመሬት ማውጣት ነው» ብላ መለሰች። አያቷ ግን በማእዘኑ ተቀምጠው ዝም አሉ።

ይህ ትምህርት እንዴት እንደ ተከፈለ ለማያውቁት አንባብያን ጥቂት እንናገር። በአሜሪካ፤ ፍራንዝ ቦአስ የተባለው ሊቅ ባቀናው ልማድ፤ የሰው ጥናት አራት ቅርንጫፍ አለው፤ ይኸውም የሰው አካልና አመጣጥ፤ የጥንት ፍርስራሽ ቁፋሮ፤ ቋንቋ፤ በሕይወት ያለው ሕዝብ ልማድና ሥርዓት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግን የማኅበራዊው አንትሮፖሎጂ ክፍል ለብቻው ነው፤ አርኬኦሎጂና የቋንቋ ጥናትም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ክፍል አላቸው። ስለዚህ ከሌላው ቅርንጫፍ የምትሻ ተማሪ የሌላውን በር ማንኳኳት ይኖርባታል። ብዙ ወላጆች ይህን የሚረዱት ልጃቸው ከገባ በኋላ ነው።

ልጂቱን የማረካት የአጥንቱ ነገር መሆኑ አያስደንቅም። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ በአፋር ምድር በሐዳር ያገኟት ሉሲ ዕድሜዋ 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ዓመት ያህል ሲሆን፤ ከአካሏ ከመቶ 40 እጅ ያህሉ ተገኝቷል። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ የእኛው ሰው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በዲኪካ የሕፃን አፅም አግኝቶ «ሰላም» ተብላለች። ነገር ግን ለልጂቱ አንድ ነገር አመለከትናት። ዘረሰናይ በአዲስ አበባ የተማረው የመሬት ጥናት፤ ማለት ጂኦሎጂ ነው፤ በዚያው በአጥንት ጥናት ስሙ የተጠራው ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴም መጀመሪያ የተመረቀው በታሪክ ነበር፤ ወደ አጥንቱ የገቡት በኋላ፤ በውጭ አገር ባገኙት ከፍተኛ ትምህርት ነው። እንግዲህ በመጀመሪያው ዲግሪ የሚደረገው ምርጫ የኋላውን በር አይዘጋም። ይህን ስትሰማ ፊቷ ፈካ፤ የአባቷ ፊት ግን ያው ነበር።

ቁፋሮውስ? ለዚህ ከይፋት የተሻለ አገር ብዙ አይገኝም። ከ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሱልጣኖች የገዙት ይህንኑ አገር ነው፤ ዐፄ ዐምደ ጽዮንም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1332 የዘመቱበት ነው። በቅርብ ዘመን የፈረንሳይ ሊቃውንት አስባሪ፤ ማሳልና ኖራ የተባሉትን የእስላም ከተሞች ፍርስራሽ መርምረው ጽፈዋል። እዚህ ለመሥራት ግን ግዕዝም ዐረብኛም ያስፈልጋል፤ የንጉሡ ዜና በግዕዝ፤ የአል ዑመሪ ጽሑፍ በዐረብኛ ነውና። እኛ በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የቀሰምነው ግዕዝ ለዚህ ይጠቅም ነበር ብለን ትንሽ ተኵራራን፤ ልጂቱም በትሕትና ሳቀች።

ዳሩ ግን ሐሳባችንን ያዘነበለው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱንም ሳንደብቅ እንናገራለን። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ፍርድ ቤት ስንጽፍ፤ በገበሬና በከብት አርቢ መካከል ስለ ውሃ ክርክር ቀረበ። አንድ የአፋር ሽማግሌ ቆመው ረዥም ነገር ተናገሩ፤ አስተርጓሚው ግን «ክጃለሁ ነው የሚሉት» አለ፤ እኛም «ክዷል» ብለን ጻፍን። ሽማግሌው የተናገሩት በመድዓ፤ ማለት በአፋር የሽማግሌዎች ሕግ፤ ነገሩ በማን ፊትና በምን ሥርዓት እርቅ ሊያገኝ እንደሚገባው መሆኑን የሰማነው ፍርዱ ከተነገረ በኋላ ነው። ያ ወረቀት ዛሬም በመዝገብ አለ፤ የብዕሩም አጣጣል የእኛ ነው። በዚያ ክፍል ቋንቋቸውንና ሥርዓታቸውን የተማረ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ቃል እንዲህ አይቀርም ነበር።

ስለዚህ ለወዳጃችን እንዲህ አልነው፤ አጥንቱ ሦስት ሚሊዮን ዓመት ጠብቋል፤ ምንም እንኳ ጎርፍ ቢያጥበው ጥቂት ዓመት ይታገሣል። የኖራም ግድግዳ፤ ሰው ድንጋዩን ካላነሣው፤ ይቆያል። የአርጎባ ቋንቋ ግን፤ ለአማርኛ የቅርብ እኅት ሲሆን፤ በይፋት አብዛኛው አርጎባ ትቶት አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ይናገራል፤ ቋንቋው በደኅና የሚነገረው በሾንኬ፤ በጦልሓና በጥቂት መንደሮች ነው። ቮልፍ ሌስላው ሰዋስዉንና መዝገበ ቃላቱን እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1997 አሳትሟል፤ አበበ ክፍለ ኢየሱስም ስለ አርጎባ ልማድና ለውጥ በ2006 መጽሐፍ አውጥቷል። እንግዲህ መንገዱ ተጠርጓል፤ ያልተጻፈው ግን ገና ብዙ ነው።

አባትዮው፤ «ደመወዙስ?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይህ ትምህርት ባለጠጋ አያደርግም ብለን በግልጽ ነገርነው። ሆኖም የባህልና የቱሪዝም ቢሮዎች፤ ዩኒቨርሲቲዎች፤ በመስኖና በግጦሽ ልማት የሚሠሩ ድርጅቶች የሕዝቡን ልማድ የሚያውቅ ሰው ይሻሉ፤ ሥራ የሚያገኘውም ይልቁንም ቋንቋ ጨምሮ የተማረው ነው። ወዳጃችን ጥቂት አሰበና፤ «ከአጥንቱ ይሻላል» አለ።

ልጂቱ በዚያ ቀን ምንም አልቈረጠችም፤ እኛም አላስቸኰልናትም። በማግሥቱ ግን በልጅነታቸው በሙሽርነት ከሾንኬ የመጡት አያቷ አጠገብ ተቀምጣ የስልኳን መቅጃ ከፈተች፤ ሠርጋቸውን በአርጎብኛ እንዲነግሯትም ለመነች። አሮጊቷ ስልኩን አገላብጠው አዩና፤ «አስቀድሞ ቡናውን ቍይ» አሏት።