የእጅ ጥበብና የእንጨት ወፍ

የእጅ ሥራ የሠሪውን አእምሮ የሚያሳይ መስተዋት ነው። በእጁ የሚሠራ ሰው የፈጣሪን ፍጥረት አተኵሮ ይመለከታልና፤ ያየውንም በትዕግሥት ይከተላል። ይህንን ለቤተ ሰብ በምሳሌ ለመግለጽ ስለ ፈለግን፥ በአሜሪካ አገር ከእንጨት ወፍ እየቀረጹ ስለሚወዳደሩ ሰዎች ጥቂት እንጽፋለን።

የነገሩ መነሻ አደን ነው። ዳክዬና ዝይ በሰማይ ሲበሩ ወገኖቻቸው በውሃ ላይ ተቀምጠው ያዩ እንደ ሆነ፥ ሥፍራው ደኅና መስሏቸው ይወርዳሉ። አዳኞችም ይህን ጠባያቸውን ዐውቀው አስመሳይ ዳክዬ በውሃ ላይ ያንሳፍፋሉ። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1924 ዓ.ም. በኔቫዳ ግዛት ላቭሎክ በሚባል ዋሻ ከረግረግ ቄጠማ የተሠሩ 11 አስመሳይ ዳክዬዎች ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸውም 2000 ዓመት ያህል ነው። ከኤውሮፓ የመጡት ሰፋሪዎች ደግሞ በኋላ ከእንጨት ይጠርቡ ጀመር።

ነገር ግን ሥጋውን ለከተማ ገበያ የሚያቀርቡ አዳኞች ስለ በዙ ወፎቹ እጅግ ተመናመኑ። ስለዚህ በዚያው አቈጣጠር በ1918 የወጣው ሕግ ከአገር ወደ አገር የሚፈልሱትን የዱር ወፎች መሸጥን ከለከለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ከፕላስቲክ የተሠራ ርካሽ ዳክዬ ገበያውን ሞላው። የጠራቢው ሞያ ሊጠፋ የተቃረበ መሰለ፤ ሆኖም አልጠፋም። ለመግደያ ይሠራ የነበረው ነገር ለማየትና ለማድነቅ የሚሠራ ሆነ።

ለዚህ ምክንያት ከሆኑት ሰዎች መካከል በማሪላንድ ግዛት በክሪስፊልድ ከተማ የነበሩት ወንድማማች ስቲቭ ዋርድና ሌም ዋርድ ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች ሞያቸው ጠጉር ቈራጭነት ሲሆን ዳክዬም ይቀርጹ ነበር። ራሳቸውንም የዱር ወፍን በእንጨት አመሳስለን የምንሠራ ሐሰተኞች ነን እያሉ ይጠሩ ነበር። እኛ በፍርድ ቤት ጸሓፊነታችን አመሳስሎ መሥራት የሚባለውን ነገር የምናውቀው በክስ መዝገብ ላይ ነው፤ በእነርሱ ዘንድ ግን የምስጋና ስም ሆነ። በ1968 በስማቸው ማኅበር ቆመ፤ በ1971ም የዓለም ውድድር ተጀመረ። ስቲቭ በ1976፥ ሌም በ1984 ዐረፉ።

ሠሪው አስቀድሞ ወፉን በሕይወት ሳለ ይመለከታል፤ አቀማመጡን፥ የክንፉንና የምንቃሩን ልክ ያጠናል። ከዚያም ቱፔሎ የሚባለውን የረግረግ ዛፍ የመሰለ ለስላሳ እንጨት መርጦ በመጋዝና በካራ ቅርጹን ያወጣል። የላባውን ጭረት በጋለ ቀጭን ብረት አንድ በአንድ ይስላል፤ ቀለሙንም እያቀጠነ ደጋግሞ ይቀባል። ዐይኑ ከመስተዋት ነው፤ እውነተኛ ላባ መለጠፍ ግን በውድድሩ አይፈቀድም። እንዲንሳፈፍ የተሠራው ወፍ በገንዳ ውሃ ላይ ተቀምጦ ይመረመራል፤ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ እንደ ሆነ ላባው ምንም ቢያምር ይነቀፋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውንና ፋቂውን መናቅ በአገራችን ብዙ ዘመን የኖረ ክፉ ልማድ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በእኛ አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሞያው መስደብን በዐዋጅ ከልክለዋል፤ ስድቡ ግን ከአፋችን ፈጽሞ አልጠፋም። ባስልኤል እንጨት ይቀርጽ ዘንድ ጥበብን የተቀበለ ከእግዚአብሔር እንደ ሆነ ከኦሪት ተምረን ሳለን፥ እኛው ራሳችን ባለፈው ክረምት ልጃችን ከማገዶ እንጨት እርግብ ሲቀርጽ ብናገኘው፥ «ትምህርትህን ትተህ ጠራቢ ልትሆን ነውን?» ብለን ካራውን ነጠቅነው። ልጁ ምንም አልመለሰም።

እርግቢቱን አንሥተን ባየናት ጊዜ ግን አንገቷን ወደ ኋላ መልሳ ላባዋን ስትለቅም ነበረች። ይህን ለመሥራት በደጃችን የሚያርፉትን እርግቦች ስንት ቀን ተመልክቶ ይሆን? እኛ በዚያው ቤት 12 ዓመት ስንኖር አንድ ቀን ስንኳ እንዲህ አድርገን አላየናቸውም። አፍረን ካራውን መለስንለት።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ እንጨት ሲጠርብ ያገኛችሁት እንደ ሆነ፥ ካራ እንዴት እንደሚያዝ አሳዩት፤ ከጥናቱም በኋላ ሰዓት ወስኑለት። ከመቈጣታችሁ በፊት ግን የሠራውን እዩለት።