ስለማይመለሰው ገንዘብና ስለ ተግባረ እድ ትምህርት

በአፓላችያ ተራሮች ሥር የድንጋይ ከሰሉ ጉድጓድ ሲዘጋ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በምድር ውስጥ የኤሌክትሪክ ገመድ ሲዘረጋ የኖረው ሠራተኛ ከዕለት ሲሳዩ ጋር ጥበበ እዱ በመንደሩ ዘንድ ያስገኘለትን ክብር ጭምር ስለሚያጣ፣ የሙያ ማሠልጠኛ ድጋፍ ለሚጠይቁ ሁሉ የምሰጠው ምክር ከገንዘቡ አስቀድሞ ከዚህ ሰው ይጀምራል።

በ1965 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውና ዛሬ በ13 የአሜሪካ ግዛቶች 423 ካውንቲዎችን የሚያቅፈው የአፓላችያ ክልል ኮሚሽን፣ የከሰል ሥራ የነጠፈባቸውን አካባቢዎች ለማቋቋም ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ፓወር» በተባለው መርሐ ግብር የማይመለስ ገንዘብ ይሰጣል። ነገር ግን ኮሚሽኑ ከፕሮጀክቱ ወጪ የሚሸፍነው ድርሻ እጅግ በተጎሳቆሉት ካውንቲዎች እስከ 80 በመቶ፣ በመካከለኞቹ እስከ 50 በመቶ ነውና፣ ቀሪውን አመልካቹ ማሟላት ይኖርበታል።

ብዙዎች እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጠው ይመለሳሉ፤ ይህም እጅግ ያሳዝነኛል። የትምህርት ቤቱ አሮጌ ወርክሾፕ፣ ፋብሪካው የሚያውሰው የብየዳ ማሽን፣ መምህሩ ያለ ክፍያ የሚያስተምርበት ሰዓት፣ ዋጋቸው በሐቅ ተተምኖ በሰነድ ከተረጋገጠ፣ በዓይነት እንደተዋጡ ሊቆጠሩ ይችላሉና።

ከሁሉ አብልጬ የምመረምረው ግን የአሠሪዎችን ደብዳቤ ነው፤ ሥልጠናውን እንደግፋለን ብሎ የሚያበቃውና፣ ስንት በያጅ በምን ያህል የሰዓት ክፍያ እንደሚቀጥር ቆርጦ የሚናገረው፣ ሰማይና ምድር ናቸው። ደንቡ በሚፈቅደው መጠን የመጓጓዣና የሕፃናት ማቆያ ወጪም ይታሰብ፤ ከተራራው ማዶ ያለችው እናት መኪና ከሌላት ከመማሪያ ክፍሉ አትደርስምና።