ያውቁ ኖሯል? ቲቮሊ የመጀመሪያ ገናውን ያከበረው በ151 ዓመቱ ነው

በኮፐንሃገን መሀል የሚገኘው የቲቮሊ መዝናኛ ፓርክ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 1843 ነው። በገና ሰሞን ጎብኚ መቀበል የጀመረው ግን በ1994 ነው።

• በዲሴምበር በከተማዋ ፀሐይ የምትጠልቀው፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ነው። ስለዚህ የፓርኩን መብራቶች ለማየት እስኪመሽ መጠበቅ አይኖርብዎትም።

• ብርዱን የሚያስረሱ ሁለት ነገሮች ያገኛሉ፤ በቅመም የፈላ ትኩስ ወይን ጠጅ፣ እንዲሁም የተፈጨ ስኳር ተነስንሶበት ከማርማላታ ጋር የሚቀርብ ኤብልስኪቨር የተባለ ድብልብል ትኩስ ኬክ።

• በ1914 የተሠራው የፓርኩ የእንጨት ሮለርኮስተር ዛሬም ይሠራል። በየጉዞው ፍሬን የሚይዝ ሠራተኛ ከተሳፋሪዎቹ ጋር አብሮ ይጓዛል።