የጅግራን እንቁላል ለዶሮ ስናሳቅፍ

በአሶሳ ዙሪያ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ እየለቀመች የምትውለው ጅግራ ቤት ስትገባ እንቁላሏን የመታቀፍ ትዕግሥት ያንሳታል። ስለሆነም ለሀበሻ ዶሮ እናሳቅፋለን። ሆኖም የዶሮ ጫጩት በ21 ቀን ሲፈለፈል የጅግራ ጫጩት ግን ከ26 እስከ 28 ቀን ይፈጅበታል። ሁለቱን እንቁላል በአንድ ቀን ቀላቅለን ካሳቀፍን ዶሮዋ የራሷን ጫጩቶች ይዛ ትነሣለች፤ የጅግራው ሽል በቅዝቃዜ ይሞታል።

ከተፈለፈሉ በኋላ ዋነኛ ጠላታቸው እርጥበት ነው፤ የአሶሳ ክረምት ደግሞ ረጅም ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠሉ ሳይደርቅ ከቤት አናወጣቸውም። መኖአቸውም ከዶሮ ጫጩት መኖ የላቀ፣ 24 በመቶ ያህል ፕሮቲን ይሻል፤ በቆሎ ብቻውን ይህን አያሟላም። ሰብል የሚያወድመው የአካባቢው ምስጥ እዚህ ላይ ባለውለታችን ይሆናል፤ ኩይሳውን ቆፍረን ስንበትንላቸው ይሻሙበታል።